ያገለገለ መኪና ዋሱ ማን ነው?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በመኪና የወጣ ሰው ሐረጎን ያውቀዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያደርሳችኋል። መኪናው ደህና ከሆነ ቁልቁል ማየቱ ደስ ይላል። ካልሆነ ግን ሐረጎ ፈተና ነው፤ መኪናው የደበቀውን ሕመም ሁሉ ያወጣዋል።

የአጎቴ መኪና ይህን ፈተና የወደቀችው በ2010 ዓ.ም. ነው። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ በስተቀር እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) አጎቴ የሚኖረው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ። የብዙ ዓመት ቁጠባውን ይዞ አዲስ አበባ ሄደና ከአንድ መኪና መሸጫ፣ ውጭ አገር ተነድታ የገባች ኮሮላ ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተሠራች፣ ነጭ፣ ባለ አራት በር። ሻጩ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ጨመረለት፤ ለሞተርና ለካምቢዮ የ6 ወር ዋራንቲ ይላል። አጎቴ ወረቀቱን ከሊብሬው ጋር በፕላስቲክ አድርጎ አስቀመጠው። «አየህ፣ አሮጌ ገዛ እንዳትሉኝ። ዋስ ያላት ናት» ያለኝ አሁንም ትዝ ይለኛል።

መኪናዋ መጀመሪያ ወደ ሐይቅ ስትመጣ ሐረጎን በሌሊት ብርድ፣ ባዶዋን ነበር ያለፈችው። በሁለተኛው ወር ግን በቀትር፣ አምስት ሰውና ጭነት ይዛ ስትወጣ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ነካ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። አጎቴ አስጎትቶ ደሴ፣ ወደሚያውቀው ጋራዥ አስገባት። መካኒኩ ፈትቶ አየ፦ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ቴስታታውም ተጣሟል። አጎቴ ለሻጩ የደወለው ያኔ ነው። መልሱ አጭር ነበር። «ሌላ ጋራዥ ከፍቶታል፤ ዋራንቲው ተሰርዟል። ለማሳየትም ወደ እኛ ማምጣት ነበረብህ።»

«ታዲያ 400 ኪሎ ሜትር በትከሻዬ ተሸክሜያት ልምጣ?» አለ አጎቴ። ስልኩ ተዘጋ።

ያን ጊዜ የምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ለምን ፈላች?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ቆይቶ መጣ፦ ለመሆኑ የአንድ አሮጌ መኪና ዋስ ማን ነው? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከመካኒክ ይልቅ ወደ ታሪክ ወሰደኝ። እስኪ ሁለቱንም አብረን እንያቸው።

ውሃው ለምን ፈላ?

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ተብላችሁ ተምራችኋል። እውነት ነው፤ ግን በባሕር ጠለል ላይ። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ውሃውን የሚጫንበት ኃይል ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ መፍያው በአንድ ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጤነኛ ሞተር ሲሠራ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ውሃ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። እንግዲህ ራዲያተር እንደ ክፍት ድስት ቢሆን ኖሮ ደሴ የሚገባ መኪና ሁሉ ለመፍላት ሁለት ዲግሪ ብቻ ይቀረው ነበር ማለት ነው።

የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ውስጡ ላስቲክና ሞላ አለው፤ ውሃውን አፍኖ ግፊቱን ይጨምራል። ግፊት ሲጨምር መፍያውም ከፍ ይላል፤ ደህና ክዳን ያለው መኪና ደሴ ላይም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ላስቲኩ ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል። ውሃው ይፈላል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ውሃ ሙቀት ተሸክሞ አይወስድም። ከአሉሚኒየም የተሠራው ቴስታታ ከልክ በላይ ይሞቅና ይጣመማል። በቴስታታውና በሞተሩ ብሎክ መካከል ያለው ስስ ጋርኒሲዮን ይለቃል ወይም ይቃጠላል። ከዚያ ዘይትና ውሃ ሲቀላቀሉ የሞተሩ ዘይት ማኪያቶ ይመስላል።

መካኒኩ የአጎቴ መኪና ላይ ያገኘው ይህንኑ ነበር፦ የደረቀ የራዲያተር ክዳን። ከመኪናዋ ዕቃዎች ሁሉ በጣም ርካሽ ከሚባሉት አንዱ፣ በጣም ውድ ከሚባሉት አንዱን ገደለ። አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ የነዳት ሰው ይህን አያየውም፤ ሞተሩን ለረጅም ጊዜ በከባድ ማርሽ የሚያስጨንቅ ዳገት ያስፈልጋል። የሕግ ሰዎች «ድብቅ ጉድለት» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ዋስ ሰው ነበር

ዋራንቲ የሚለው ቃል ከመምጣቱ በፊት ዋስ የሚባል ነገር ነበር። አያቴ ገበያ ወጥተው በሬ ሲገዙ ሻጩን «ዋስህን ጥራ» ይሉት ነበር። ሻጩ የሚያውቀውን ሰው ይጠራል። በሬው የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ የሚያዘው ሻጩ ብቻ አይደለም፤ ዋሱም ነው። ዋስ ሁለት ነገር ያሟላል፦ ይታወቃል፤ ቅርብም ነው። ሲፈለግ ቤቱ ይገኛል።

መኪና ሲመጣ ዋሱ ወረቀት ሆነ። ወረቀት ደግሞ የሚያስረው በተጻፈበት ቃል ልክ ነው። ይህን ለመረዳት ከሐይቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው ዋና መንገድ ወደ ወልድያ ስትጓዙ አምባሰል ውስጥ ውጫሌን ታገኛላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የጣሊያን መንግሥት የተዋዋሉት የውጫሌ ውል በዚህ ስም ይጠራል። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን በኩል መላላክ እንደሚችሉ ይናገራል። የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው። በአንዱ ቋንቋ «ይቻላል»፣ በሌላው «ይገባል»። ጣሊያን በዚያ ቃል ተንተርሳ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች፤ ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ።

የአገር ውልና የመኪና ውል አንድ አይደሉም፤ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ይጋራሉ። ሲፈራረሙ ሁለቱም ወገን የሚያነበው የሚፈልገውን ነው። ውሉ የሚፈተነው ሲጣሉ ነው። አጎቴ ወረቀቱ ላይ ያነበበው «6 ወር» የሚለውን ነበር። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ከድርጅታችን ጋራዥ ውጭ ከተፈታ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረ።

ጋራዡ ጣሊያንኛ የሚናገረው ለምንድን ነው?

አሁን ወደ ደሴው ጋራዥ እንመለስና መካኒኩን እናዳምጠው። ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው። በየዓመቱ ምርመራ ካለፋችሁ በኋላ የምትለጥፉት ቦሎም ቢሆን ከዚያው የመጣ ቃል ነው። ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ተመልሳ ስትመጣ ውል ይዛ አልነበረም። ሠራዊቷን ለመቀለብ ብዙ የፊያትና የላንቻ ካሚዮን ያስፈልጋት ነበርና አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ የሚያገናኘውን መንገድ ሠራች። በሐይቅ የሚያልፈው ዋና መንገድ የዚያ መስመር አካል ነው። መንገድ ካለ ካሚዮን ይኖራል፤ ካሚዮን ካለ ብልሽት ይኖራል፤ ብልሽት ካለ ጋራዥ ይኖራል። በ1933 ዓ.ም. ወረራው ሲያበቃ ብዙ ጣሊያናውያን ባለሙያዎች እዚሁ ቀሩ፤ ከእነሱም ውስጥ መካኒኮች ነበሩ። ከእነሱ ሥር የሠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሙያውን ከነቃሉ ወሰዱት። እነዚያ ደግሞ ለሌሎች አስተማሩ፤ ዛሬም ዘይት በነካ እጅ መፍቻ የሚያቀብል ልጅ «ካቻቢቴ አምጣ» ሲባል ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ያመጣል።

ይህን የማነሳው ቃሉ ስለሚያስቅ አይደለም። አገራችን ውስጥ ለአሮጌ መኪና እውነተኛ ዋስ የሆነው ይህ የሙያ ሰንሰለት ስለሆነ ነው። የፋብሪካው ዋስትና በዓመትና በኪሎ ሜትር ይቆረጣል፤ መኪናዋ ግን እዚህ ከዚያ በላይ ብዙ ዓመት ትኖራለች። እነዚያን ዓመታት የሚሸከማት መካኒኩ ነው።

ስለዚህ እኛ ጋ የትኛው መኪና እንደሚቆይ የወሰነው የዋራንቲ ወረቀት ሳይሆን ጥያቄው «ማን ይሠራታል? ዕቃዋስ ይገኛል?» የሚለው ነበር። ላዳን ውሰዱ። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተስማማች፤ ከ1970 ጀምሮ ቶልያቲ ከተማ ላይ የሚመረተው መኪና መሠረቱ ፊያት 124 ነበር። መሐንዲሶቹ ግን ለመጥፎ መንገድ እንዲሆን ከ800 በላይ ማሻሻያ አደረጉበት። ብረቱ ወፈረ፤ ከመሬት ያለው ከፍታ ጨመረ፤ የኋላው የዲስክ ፍሬን ጭቃ በሚችለው የድራም ፍሬን ተቀየረ፤ ባትሪ ሲደክም በእጅ የሚዞር ማስነሻም ነበረው። ላዳ በደርግ ዘመን አዲስ አበባን በሰማያዊና ነጭ ታክሲ ስትሞላ የጣሊያን ቃል የሚያውቀው መካኒክ ሲከፍታት እንግዳ አልሆነበትም። ሩሲያዊት ብትሆንም ዘሯ ፊያት ነው።

ቶዮታ ኮሮላም እንዲሁ ናት። የመጀመሪያዋ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። እኛ ጋ ስሟን የተከለችው ዲኤክስ ስትሆን ስያሜው ዴሉክስ ከሚለው ያጠረ ነው። ቀላል ሞተር፣ በየከተማው የሚገኝ ዕቃ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታት መካኒክ። አንድ ዕቃ ከአንዷ ተፈትቶ ለሌላዋ ይሆናል። ዕቃ የሚገኝላት መኪና ዋስ ያላት መኪና ናት።

አራት ቀን በ1952

ወረቀቱ ታዲያ ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ሕጉ ይገባል። ነገሩን ሳጠና በጣም ያስገረመኝ የቀን ግጥጥሞሽ አለ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1955 አሜሪካ፣ ኒው ጀርዚ ውስጥ ሄኒንግሰን የሚባል ሰው ለሚስቱ አዲስ ፕሊመዝ መኪና ገዛ። መኪናዋን ከተረከቡ አሥር ቀን ሆኗታል፤ የነዳችውም 468 ማይል ብቻ ነው፤ ይህም 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሚስቱ እየነዳች ሳለ ከሥር የሆነ ነገር ሲሰበር ሰማች፤ መሪው በእጇ ላይ ዞረ፤ መኪናዋም ከመንገድ ወጥታ ግድግዳ መታች። ወረቀቱ ላይ የ90 ቀን ወይም የ4,000 ማይል ዋስትና ተጽፏል። ጥቃቅኑ ጽሑፍ ግን ዋስትናው የተበላሸውን ዕቃ ለመተካት ብቻ ነው፤ ዕቃውም የማጓጓዣው ተከፍሎ ወደ ፋብሪካው መላክ አለበት፤ ከዚህ ውጭ ምንም ዓይነት ኃላፊነት የለብንም ይላል። «ወደ እኛ አምጣ» የሚለውን የአጎቴን ስልክ አስታወሳችሁ? እኔም አስታወስኩት።

የኒው ጀርዚ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ የሰጠው ግንቦት 1 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1960። ገዢው ሊደራደርበት በማይችል ደቃቅ ጽሑፍ ኃላፊነትን ማምለጥ አይቻልም አለ። ፍርዱ ዛሬም በዓለም የሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል።

ከዚያ ፍርድ አራት ቀን ብቻ ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ መጀመሪያ የጻፉትም በፈረንሳይኛ ነው። አንቀጽ 2287 ሻጭ የሚሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዢው ዋስ ነው ይላል። ልብ በሉ፤ ይህን ዋስትና የሚሰጠው ማኅተም ያለበት ወረቀት አይደለም። ሕጉ ራሱ ነው።

ሕጉ ግን ገዢውንም ያሠራል። ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ በተቻለው ፍጥነት መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ካስታወቀ በኋላ ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ሲገዛ ጉድለቱን ያውቅ ከነበረ መጠየቅ አይችልም። ሻጩ ደግሞ ውሉ ላይ «ባለችበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚል ቢያስፈርምም፣ እያወቀ ጉድለቱን በማታለል ከደበቀ ያ ዓረፍተ ነገር አያድነውም። እርግጥ ሕጉ ያገለገለች መኪና እንደ አዲስ ትሁን አይልም፤ ያረጀ ነገር ያረጀ ነው። ግን «ዋራንቲህ ተሰርዟል» የሚለው ቃል የነገሩ መጨረሻ አይደለም።

አጎቴ ምን ጎደለው?

አጎቴ ይህን አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። ሻጩን በስልክ ነው ያነጋገረው፤ በጽሑፍ ያስታወቀው ነገር የለም። መኪናዋ ከተፈታች በኋላ ነው የደወለው። የደረቀውን ክዳን ማንም ፎቶ አላነሳውም፤ መካኒኩም አዲስ ሲገጥም አሮጌውን ጣለው። ማስረጃው ከቆሻሻ ጋር ሄደ። ወሩ ወር ሲወልድ «ተወው፣ ፍርድ ቤት የምመላለስበት ገንዘብ ሌላ መኪና ይገዛል» አለና ተወው። የጥገናውን ከኪሱ ከፈለ።

ስለዚህ ነገ ከነገ ወዲያ እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ ያገለገለች መኪና ስትገዙ እነዚህን ያዙ። ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳንና የዘይቱን መልክ እዩ። ከዚያ ዳገት ፈልጋችሁ ንዷት። ወረቀቱ ላይ «ስንት ወር» ከሚለው በፊት «የት ይጠገናል? የማጓጓዣውን ማን ይከፍላል? ሩቅ ከተማ ብትበላሽስ?» የሚለውን አንብቡ፤ ከሌለ አስጽፉ። ብልሽት ሲመጣ ከመፍታታችሁ በፊት ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የስልክ መልእክትም ቢሆን ከባዶ ወሬ ይሻላል። መካኒኩ ያየውን ይጻፍላችሁ። አሮጌውን ዕቃ አትጣሉት።

አሁንስ?

ይህ የትናንት ወሬ ይመስላችሁ ይሆናል፤ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ታክሱን እስከ 500 ከመቶ አደረሰው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ያሉት ኮሮላዎች እየተጠገኑ ይቆያሉ፤ ዋራንቲ ካለፈባቸው ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አዲስ የሚገቡት ደግሞ የኤሌክትሪክ ናቸው።

የኤሌክትሪክ መኪና ቴስታታ የላትም፤ ካንዴላም ጋርኒሲዮንም የላትም። ሐረጎ ላይ በዚያ ምክንያት አትፈላም። ግን ባትሪዋ ውድ ነው፤ ሕመሟም የሚነበበው በኮምፒውተር ነው። በዓለም ላይ ብዙ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋስትና ይሰጣሉ። ይህ ዋስትና ግን አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋ በተሸጠችበት አገርና በወኪሉ በኩል ነው የሚሠራው፤ ነጋዴ ከሌላ አገር ገዝቶ ላስገባት መኪና ላይሠራ ይችላል። ስክሪናቸው በቻይንኛ ብቻ የሚጽፍ መኪኖችም ገብተዋል። በማታነቡት ቋንቋ የተጻፈ ነገር ምን እንደሚያመጣ ውጫሌ አስተምሮናል።

ከሰማንያ ዓመት በላይ የገነባነው የጋራዥ ሰንሰለት አሁን አዲስ ቋንቋ መማር አለበት ማለት ነው፤ የቮልቴጅና የሶፍትዌር ቋንቋ። ይህን የሚማረው የእናንተ ትውልድ ነው። ሐይቅ ወይም ውጫሌ ላይ ባትሪ ፈትቶ የታመመችውን አንዲት ሴል ለይቶ የሚቀይር ወጣት ከሌለ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጻፈ የ8 ዓመት ዋስትና ከአጎቴ ወረቀት አይሻልም።

የአጎቴ ኮሮላ ዛሬም ትነዳለች። የደሴው መካኒክ የተጣመመውን ቴስታታ በማሽን አስደልድሎ ሲመልስላት አንድ ቃል ብቻ ነበር የተናገረው። «ጋሼ፣ ከፈላች መልሰው ያምጧት፤ የእጅ አላስከፍልዎትም።» በወሩ ትንሽ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረች፤ አጎቴ ወሰዳት። መካኒኩ ቃሉን ጠበቀ፤ አላስከፈለውም።

ማኅተም ያለበት ወረቀት አሁንም በፕላስቲኩ ውስጥ አለ። የመካኒኩ ስልክ ቁጥር በጀርባው ተጽፎበታል።